ለጾሙ የገዛሁት የጎማ ሱሪ

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ይህን ደብተር ልጄ ቤርሳቤህ ናት ትታው የሄደችው። ግማሹ ባዶ ነው። መጻፍ የተማርኩት በወታደርነቴ ዘመን በመሠረተ ትምህርት ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው እንጂ እችላለሁ። ማሚቴ ሳለች የዋልኩበትን ለእሷ እነግር ነበር። ሚስቴ ካረፈች በሚያዝያ ሁለት ዓመት ይሆናል። የምነግረው ሰው ስለሌለ እጽፈዋለሁ።

ዛሬ ከዓሣ ማጥመድ ባልደረባዬ ከኢስማኢል ጋር ግድቡ ዳር ስንደርስ ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቶበታል። ኅዳር ሲገባ በየዓመቱ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ግን እኔ ሰባ ሁለት ሞልቶኛል።

ጀልባ የለንም። የእኔና የኢስማኢል አሠራር እንዲህ ነው፤ አንዱ የመረቡን ራስ ይዞ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ዞሮ ይመለሳል፣ ሌላው ጭራውን ከዳር ሆኖ ይጎትታል። የሚገባው እኔ ነኝ። ለእኔ ደረት የሆነው ውሃ ለኢስማኢል አገጭ ነው፣ ዋናም አይችልም። ስምንት ዓመት እንዲህ ሠርተናል። ዋናው ሥራችን ከነገ ወዲያ ሳምንት የሚገባው የነቢያት ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ብለው ካህናቱ ይከራከራሉ፣ የከተማው ሕዝብ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ይበላል። ዓመቱን የሚያኖረን ይህ ስድስት ሳምንት ነው።

ስወጣ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ኢስማኢል ጋቢውን አውልቆ ጣለብኝ።

"ኧረ አቦ፣ አያ ጎበዜ! ከንፈርህ ጥቁር ሆነ። በዚህ ቁምጣ ስትገባ እኔ ዳር ቆሜ ይበርደኛል።"

"ለሰው አይብረድህ" አልኩት።

ቀኝ እግሬ እስከ ረፋድ ሲቆረጥመኝ ቆየ። ግራው ግን ጠንካራ ነው። ምንም አይለውም። ብርድ አያውቅም።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ቤርሳቤህ ከገለምሶ መጣች። እዚያ አስተማሪ ናት፣ ባሏም የዚያው ሰው ነው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ እግሬን አየች።

"አባባ፣ ያነክሳሉ።"

"አላነክስም። ወለሉ ወጣ ገባ ነው።"

"የስኳሩን ክኒን ይወስዳሉ?"

"እወስዳለሁ።"

ውሸት አይደለም። አንዳንድ ቀን እወስዳለሁ። ከዓመታት በፊት እናቷን ሐኪም ቤት ስወስዳት እኔንም መረመሩኝና ስኳር አለብህ አሉኝ። ሻይ ያለ ስኳር የምጠጣ ሰው ስኳር ከየት ይመጣብኛል? ለማንኛውም ክኒኑ ሆዴን ያውከዋል።

ከምሳ በኋላ ነገሩን አወጣችው። ክፍል አዘጋጅተውልኛል፤ ቤቱን አከራይቼ ገለምሶ ልሂድ።

"እዚያ ምን ሠርቼ እበላለሁ?"

"ምንም አይሠሩም። ይጦራሉ።"

ይጦራሉ! ቃሉ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ማሚቴ የሞተችበትን ቤት ሰው ያከራያል? ተነታረክን። መጨረሻ ላይ እንዲህ አልኳት፤ የሚያስፈራሽ ብርዱ ከሆነ ብርድና ውሃ የማያስገባ የጎማ ሱሪ እገዛለሁ። እስከ ገና ሠርቼ አንድ ቀን እንኳ ካልተኛሁ ዳግመኛ ገለምሶ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ከተኛሁ ግን ቤቱን ዘግተሽ ውሰጂኝ።

"ቃልዎ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

እጄን መታች። "እንግዲያውስ ሱሪውን እኔ ልግዛልዎት" አለች።

"እኔ ራሴን ማልበስ አላቃተኝም" አልኳት። ስትሄድ ዓይኗ እንባ ነበረበት። በእናቷ ወጥታ ነው፣ ቶሎ ታለቅሳለች።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ዑሙልኸይር ዘንድ ሄድኩ። ሰልባጅና ከድሬዳዋ የሚመጣ ልዩ ልዩ ዕቃ ትሸጣለች። የጎማ ሱሪ ማለት እስከ ደረት የሚደርስ፣ በትከሻ ላይ በማንገቻ የሚያዝ፣ ከታች ከነቦት ጫማው አንድ የሆነ ነው። ዝዋይ ወታደር ሳለሁ አንድ ፈረንጅ ለብሶት አይቻለሁ። መረብ መጣልም የለመድኩት እዚያው ነው።

ያላት አንድ ዓይነት ነው፤ ስስ ላስቲክ፣ ከዝናብ ልብስ ብዙም የማይሻል። አዲስ ወፍራሙን ከድሬዳዋ ማዘዝ ይቻላል፣ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ሙቀት ይይዛል አለች። ዋጋውን ስትነግረኝ በዚያ ገንዘብ አህያ ገዝቼ አህያዋን ውሃ ውስጥ አስገባታለሁ አልኳት። ሦስተኛው፣ ያገለገለ ወፍራም ነው፤ አልፎ አልፎ ከሰልባጅ ቦንዳ ውስጥ ይወጣል። መቼ? አላህ ያውቃል።

ላስቲኩን አገላበጥኩት። ጎማ ሲመረጥ ይታጠፋል፤ እጥፉ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ከተሰነጣጠቀ አልቆለታል። ስፌቱን በጥፍር መሞከር ነው። ሶሉ ጥርስ ከሌለው ጭቃ ላይ ያንሸራትታል።

"አባባ ጎበዜ፣ ሱሪ ነው ወይስ ሚስት ነው የሚመርጡት? ከጠዋት ጀምሮ ሲያገላብጡት!"

"ሚስትማ በአንድ ቀን ነው የመረጥኩት" አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ማሚቴን ታውቃት ነበር። ሳልጠይቃት ዋጋውን ቀነሰችልኝ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የጠራችውን ሰጥቼ ወጣሁ። ለሐዘን ቅናሽ አልፈልግም።

ላስቲኩ ስስ ነው። የተሻለ እስኪገኝ ድረስ ግን ይበቃል።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ጾሙ ትናንት ገባ። ዓሣ የምናቀርብለት ሆቴል አምጡ አምጡ ይላል።

ላስቲኩ ተቀደደ። ውሃ ውስጥ ጉቶ አለ፣ እሱ ነው። ውሃ ሞላበት። እግሬ እንደ ድንጋይ ከበደ። ራሴም ገባ። ኢስማኢል በመረቡ ገመድ ጎትቶ አወጣኝ። መረቡ ሁለት ቦታ ተበጣጠሰ።

ደህና ነኝ። ቤርሳቤህ ደውላ ነበር፤ ውላችንን አይርሱ ብላ ሳቀች። ደህና ነኝ አልኳት።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ መረብ ስንጠግን ዋልን። ኢስማኢል ጫቱን ይቅማል፣ እኔ እቋጥራለሁ። የያዘውን የጫት ቅጠል መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ፦

"አያ ጎበዜ፣ ትናንት ስትሰምጥ አየሁ። ወላሂ ገመዱን ለመጎተት እጄ እንቢ አለኝ። ብትሞት ኖሮ ለቤርሳቤህ ምን ብዬ እነግራለሁ?"

"አልሞትኩም።"

"ዘንድሮ ብንተወውስ? ከዳር፣ ከጉልበት በታች ብንሠራ?"

"ከጉልበት በታች እንቁራሪት ነው ያለው።"

ሳቀ፤ ግን የሳቅ ሳቅ አይደለም። እሱም ስድስት ነፍስ ቤቱ አለ፣ ይህን ጾም እንደሚፈልገው አውቃለሁ። እኔ ካልገባሁ እሱም አይሠራም። ይህን ሳስብ ደረቴ ይነፋል፣ እውነቱን ለመናገር።

ማሚቴ ያረፈችበት ቀን ጠዋት "ደረቴን አሞኛል፣ ዛሬ አትሂድ" ብላኝ ነበር። ስመለስ እንሄዳለን ሐኪም ጋ፣ አልኳት። ዓሣ በዝቶ ቆየሁ። አምስት አምባዛ ነበር የያዝነው፣ ትልልቅ። ስመለስ ጎረቤት ቤቱን ሞልቶታል። ይህን ለካህንም አልተናገርኩ። ቤርሳቤህ የምታውቀው እናቷ በድንገት እንደሞተች ነው።

ለምን ዛሬ እንደጻፍኩት አላውቅም። እርጥብ ልብስ ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ዑሙልኸይር ሰው ላከችብኝ። ከቦንዳ ወጥቷል! ወፍራም ጎማ፣ አረንጓዴ፣ ውስጡ ስፖንጅ፣ ማንገቻው ሙሉ። አጠፍኩት፣ አልተሰነጠቀም። ስፌቱን በጥፍሬ ሞከርኩ፣ ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ዋጋው የአዲሱን ሲሶ አይሆንም።

ልኩ አርባ ሦስት ነው። የእኔ አርባ አራት። በሁለት ካልሲ ለካሁት። ቀኙ ጣቴን ያዘኝ፤ ግራው ልክ ነው።

"ቀኙ ከጠበበ ግራውም ይጠባል አባባ፣ እግር መንታ ነው" አለች ዑሙልኸይር። "ቆይ፣ ሌላ ቦንዳ ሐሙስ ይፈታል። ይታገሡ።"

"ግራው ምንም አላለኝም። ቀኙ ደግሞ ይለምዳል።"

"እኔ ሻጭ ነኝ፣ አይግዙ የምል እኔ! ምን ዓይነት ቀን ነው?"

ገዛሁት። ከግራው ሶል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችበት፤ አሳየችኝ፣ አልደበቀችም። ቀዳዳ ለጎሚስታ ምኑ ነው?

በቀጥታ ሳቢት ዘንድ ወሰድኩት። የመኪና ጎማ የሚጠግነው ሳቢት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው። ሠራተኞቹ ሱሪውን ሲያዩ ሳቁ። "ጋሽ ጎበዜ፣ ሰውየውን የት ጥለውት መጡ?" አለ አንዱ። ሳቢት ነፋው፣ ገንዳ ውስጥ ነከረው፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቀዳዳዋ ተገኘች። ከዚያ እጁን ወደ ቦቱ ሊያስገባ ሞከረ፣ ጠባብ ነው፣ አልደረሰም።

"ይሄ መገልበጥ አለበት። ስፖንጁ ወፍራም ስለሆነ በፍል ውሃ ማለስለስ ነው። ነገ ይውሰዱት።"

"ነገ? ዛሬ አሥር ሰዓት መረብ እጥላለሁ። ከውጭ ለጥፈው።"

"ጋሼ፣ የቀደደውን ነገር ሳላይ ለጥፌ አላውቅም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ሚስማሩ ነው የሚፈለገው፣ ከዚያ ነው ቀዳዳው።"

"የጭነት መኪና ነው እንዴ? ሱሪ ነው! እኔ ለብሼዋለሁ፣ ምንም የወጋኝ የለም። አባትህ ቢሆን ኖሮ ሳይከራከር ይለጥፍልኝ ነበር።"

አባቱን አነሳሁበት። አንገቱን ደፍቶ ከጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ከከመነዳሪ፣ ቁራጭ ለጠፈበት። ጥሩ አድርጎ ነው የለጠፈው።

አሥር ሰዓት ላይ ገባሁ። ጠብታ ውሃ አልገባም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

እንደ ንጉሥ ነው የምገባው። ውሃው ከውጭ ይጫናል፣ እኔ ውስጥ እንደ ብርድ ልብስ ነው። ኢስማኢል "ዛሬማ ሙሽራ መስለሃል" ይለኛል። ቆሮሶ ዓሣው ብዙ ነው፤ ሆቴሉ ሁሉንም ይወስዳል። ቤርሳቤህ ደወለች፦

"አባባ፣ እንዴት ነው ውሉ?"

"እያሸነፍኩሽ ነው።"

ቀኙ እግሬ በጥበቱ ትንሽ ተላልጧል፣ ማታ በጨው ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ። ግራው ምንም አይለውም ብዬ ነበር፣ ይኸው አምስት ቀን፣ እውነትም ምንም አላለውም። የግራው ካልሲ ግን ቀልቷል። የጎማው ቀለም ነው የሚለቀው። ሱሪው አረንጓዴ ነው፣ ውስጡ ግን ምን ቀለም እንደነከሩት ማን ያውቃል? የፋብሪካ ነገር።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ካልሲው ዛሬም ቀልቷል። ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ቀለሙ የማያልቅ ነው።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ዓሣውን ለሆቴሉ በኋላ በር አደረስኩ። ተቆጥሮ ገባ። ስወጣ አንዷ ወጥ ሠሪ ለጓደኛዋ ስትል ሰማሁ፦

"መስኮቱን ክፈቺው። ሽማግሌው ነው የሚሸተው፣ ዓሣው አይደለም።"

"ሚስት የሌለው ሰው ማን ያጥበዋል" አለች ሌላዋ። በክፋት አይደለም፣ በሐዘኔታ ነው ያለችው። ክፋቱ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ገላዬን ታጠብኩ። ሸሚዜን አጠብኩ። ሱሪውን በሳሙና አጥቤ ሰቀልኩት። ሽታው አልሄደም። ዓሣ ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ሞቶ ይሆናል። ከነገ ጀምሮ ኢስማኢል ያድርስ፣ እኔ ደጁ ላይ አልቆምም።

ግራ እግሬ ስላበጠ ቦቱ ሲወልቅ ጊዜ ወሰደ። መቆም ይበዛል።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ብርድ ብርድ አለኝ። ውሃ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ። ገባሁ ግን። አሥራ ዘጠኝ ቆሮሶ።

ታኅሣሥ 10፣ ሐሙስ

አልተኛሁም። ይህ ይጻፍልኝ፤ አልተኛሁም። ወንበር ላይ ነኝ። ቁጭ ማለት መተኛት አይደለም። ኢስማኢልን ዛሬ ይቅር አልኩት። ገና አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ኢስማኢል ከጁምዓ በኋላ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ አፍንጫውን ያዘ፣ ወዲያው ለቀቀው፤ አይቼዋለሁ።

"ሱሪህን ላጥብልህ" አለ። "እናንተ ሐበሾች ጎማ ማጠብ አትችሉም።"

"እኔ አጥቤዋለሁ።"

"ከውጭ ነው ያጠብከው አቦ።"

ውሃ አፍልቶ ግራው ቦት ውስጥ ጨመረ። ሲለሰልስ እንደ በግ ቆዳ ገለበጠው። ድንገት "ዋይ!" ብሎ እጁን ሳበ። ጣቱ ደም ሆኗል። ከስፖንጁ ውስጥ የጣት አንጓ የምታህል ሚስማር ወደ ላይ ቆማለች። ጫፏ ጠቁሯል።

ሚስማሯን አየ። ከዚያ እግሬን አየ። ሳይጠይቀኝ ካልሲውን አወለቀ። እኔ ከአራት ቀን ወዲህ ሶሌን አላየሁትም፤ ጎንበስ ማለት ይከብደኛል።

ኢስማኢል ሶሌን ወደ ብርሃን አዞረው። መሬት ላይ ተቀመጠ። "ያ አላህ" አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ። "አያ ጎበዜ፣ በዚህ ላይ ነው አሥራ ስምንት ቀን የቆምከው? አላመመህም?"

"ጠንካራ ነው አልኩህ እኮ" አልኩት። አነጋገሬ ለራሴም አላማረኝም።

ስልኬን ከትራሴ ሥር አውጥቶ ለቤርሳቤህ ደወለ። እንዳትደውል አልኩት፣ ጮህኩበት፣ ሰደብኩት። "ስደበኝ" አለ። ስደበኝ እያለ ደወለ።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ሆስፒታል ነኝ። ደብተሩን ቤርሳቤህ አመጣችልኝ።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። ነርሷ ሲስተር ዮሐና ትባላለች። በቀጭን ነገር እግሬን እየነካች "አባቴ፣ ይሰማዎታል? እዚህስ?" ትላለች። ዓይኔን እንድጨፍን አደረገችኝ። እኔ ደግሞ ሁሉንም "አዎ" አልኳት። ከዚያ "አባቴ፣ አሁን አልነካሁዎትም" አለችኝ።

የግራ እግሬ የፊት ክፍል፣ ከነጣቶቹ፣ ሞቷል ይላሉ። እሱን ቶሎ ካልቆረጡት ወደ ላይ ይሄዳል፣ ያኔ ከጉልበት ነው። አልፈርምም አልኩ። እግሬን ይዤ መጥቻለሁ፣ እግሬን ይዤ እወጣለሁ።

ከሰዓት ሳቢት ጎሚስታው መጣ። ብርቱካን ይዟል። ኢስማኢል ነግሮት ነው። አልጋዬ ሥር ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"እኔ ነኝ ጋሼ። መፈለግ ነበረብኝ። በሥራዬ አንድም ቀን እንዲህ አድርጌ አላውቅም።"

ቤርሳቤህ ተነሳችበት። "ለሽማግሌ እንዲህ ይሠራል? ሚስማር እያለበት ይለጠፋል? የመኪና ጎማ ቢሆን እንዲህ ታደርጋለህ?" አለችው። የሌላ በሽተኛ አስታማሚዎች ሁሉ ዞረው አዩት። ሳቢት አንገቱን ደፋ። አንዴ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የሚጠብቀው አንድ ቃል ነበር።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። የተኛሁ መሰልኩ።

ብርቱካኑን ትቶ ሄደ።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። እግሬ አይደለም፣ እግሬማ ምንም አይለኝም።

ጠዋት ሳቢትን ጥሩልኝ አልኩ። ቤርሳቤህ "ምን ሊያደርግልዎት?" አለች። ጥሪው አልኳት። በሥራ ልብሱ መጣ፣ እጁ ጥቁር ቅባት ነው፣ በሩ ላይ ቆመ። ትናንት ያዩት ሰዎች ሁሉ እዚያው ነበሩ። ኢስማኢልም ነበር።

"ይህ ልጅ ሚስማሩን ሳልፈልግ አልለጥፍም ብሎኛል" አልኩ። "ነገ ተመለስ ብሎኛል። የሞተ አባቱን አንስቼ ያስገደድኩት እኔ ነኝ። ሻጯም ጠባብ ነው አትግዛ ብላኛለች። ትናንት ስትሰድቢው ሰምቻለሁ፣ አልተኛሁም ነበር።"

ቤርሳቤህ አፏን ያዘች። ሳቢት "ይሁን ጋሼ፣ ይሁን" ይላል፣ ዝም በሉ የሚል ይመስላል። አላቆምኩም። አንዴ ከተከፈተ ለመዝጋት ይከብዳል። ለቤርሳቤህ ስለ እናቷም ነገርኳት። አትሂድ ብላኝ እንደነበር። አምስት አምባዛ እንደያዝን።

አላለቀሰችም። ቶሎ የምታለቅሰው ልጅ አላለቀሰችም። "አውቃለሁ" አለች። "እማማ የዚያን ዕለት ጠዋት ደውላልኝ ነበር። እኔም ትምህርት ቤት ፈተና ነበረኝ፤ ማታ እመጣለሁ አልኳት።"

ሁለት ዓመት ሁለታችንም ተሸክመነው ኖረናል፣ አንዳችን ለአንዳችን ሳንነግር።

ኢስማኢል ሁሉም ሲወጣ ቀረ።

"መረብ ጉቶ ሲይዘው ምን እናደርጋለን?" አለኝ።

"የያዘውን ቦታ ቆርጠን ሌላውን እናወጣለን።"

"ከዚያስ መረብ አይደለም?"

"አንተ ሰውዬ፣ እንዴት ተናጋሪ ሆነህ አረጀህ!" አልኩት።

የፊርማውን ወረቀት አምጪ አልኳት ሲስተር ዮሐናን።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ

ሊወስዱኝ ነው። ቤርሳቤህ እጄን ይዛለች። ፈርቻለሁ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

የግራ እግሬ ከነጣቶቹ ግማሽ የሚሆነው ሄደ። ተረከዙ ቀርቶልኛል። በምርኩዝ እቆማለሁ። ሐኪሙ "ሦስት ቀን ዘግይተው ቢሆን..." ብሎ ሳይጨርስ ተወው። ክኒኑን በየቀኑ ሲስተር ዮሐና ፊቴ ቆማ ታስውጠኛለች።

ዑሙልኸይር የሱሪውን ዋጋ ልመልስ ብላ ላከች። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ጥፋቱ የለባሹ ነው ብላችሁ ንገሯት አልኩ።

ኢስማኢል ዛሬ መጣ፣ ጾሙ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው። ይሠራል! በምን ብዬ ጠየቅኩት። ሳቢት የትልቅ ጭነት መኪና ከመነዳሪ ነፍቶ ሰጥቶታል። ኢስማኢል መሃሉ ላይ ሳንቃ አስሮ ይቀመጥበታል፣ በእጁ እየቀዘፈ መረቡን ያዞራል። ቁምጣው እንኳ አይረጥብም።

"ወላሂ አያ ጎበዜ፣ እንደ ዳክዬ ነኝ። ሚስቴ ልታየኝ መጥታ በሳቅ ወደቀች።"

ስቄ ስቄ ቁስሌ ተጎተተ። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። ስምንት ዓመት እስከ ደረቴ ገብቻለሁ። የሳቢት ግቢ በአሮጌ ከመነዳሪ የተሞላ ነው፣ በየቀኑ በደጁ አልፋለሁ። አንድም ቀን አላሰብኩትም። ቢያስቡልኝስ እሺ እል ነበር? እኔ ካልገባሁ አይሆንም ሲባል ደስ ይለኝ ነበር።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ገለምሶ። ውል ውል ነው፣ ተኝቻለሁ፣ መጥቻለሁ። ቤቱን ዘጋነው እንጂ አላከራየነውም፤ ቤርሳቤህ ራሷ ናት ቁልፉን ኪሴ የከተተችው። ክፍሉ በምሥራቅ በኩል ነው፣ የጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል። የልጅ ልጆቼ ምርኩዜን ይቀሙኛል። መጦር እንደፈራሁት አይደለም፣ ደስ ይላል ግን አልልም።

ዛሬ ማታ ቤርሳቤህ የቀኝ እግሬን ልታጥብ ሳፋ ይዛ መጣች። ሲስተር ዮሐና በደንብ ጠብቂው ብላታለች፤ አሁን ያለው እሱ ነውና። ውሃውን በክርኗ ለካችው፣ ከዚያ እግሬን አስገባች።

"አባባ፣ ሙቀቱ ጥሩ ነው?"

አዎ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። ቀኙ ሁልጊዜ ብርዱን የሚያውቀው እግር ነው፤ የምመካው በእሱ ነው።

"ተረከዜ ጋ ይሞቃል" አልኳት። "ጣቶቼ ጋ... ሁለቱ ትንንሾቹ ጋ አይሰማኝም።"

እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሦስት ቀን። ምናልባት ከሳምንት።"

እግሬን አውጥታ በፎጣ አደረቀችው፣ ጣት በጣት፣ በመሃል በመሃል። አልተቆጣችም።

"ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድም፣ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን" አለች።

"እሺ" አልኳት።